ሁሉም ተሽጦ ገንዘቡ የት ገባ?

የጻፍሽልኝን ሁለቴ አነበብኩት። ክር ገዝተሽ፣ ራስሽ ቀለም ነክረሽ፣ ዘርፍ ያለው የቁልፍ መያዣ ትሠሪያለሽ። የሠራሽው ሁሉ ይሸጣል። ዋጋ የምታወጪው የክሩንና የቀለበቱን ደምረሽ እጥፍ በማድረግ ነው። ሦስት ወር ለፍተሽ ግን እጅሽ ላይ የቀረ ነገር የለም፣ በዚያ ላይ አንዷ ደንበኛ «ተወደደ» አለችሽ። የጠየቅሽኝ ሁለት ነገር ነው፦ ስንት ልሽጠው? ሥራ ማመልከቱንስ ትቼ በዚሁ ልቀጥል ወይ?

አልተወደደም። እንዲያውም ለእያንዳንዱ ገዢ ከጉልበትሽ ላይ እየመረቅሽ ነው። ይሄን በቁጥር ላሳይሽ። ገንዘቡ የየትኛውም አገር ይሁን፣ እኔ ለምሳሌ ያህል ቁጥር ብቻ እጽፋለሁ፤ አንቺ የራስሽን አስገቢበት።

መጀመሪያ ሂሳቡን በአንድ ፍሬ መጀመር ተዪ። በአንድ ዙር ጀምሪ፣ ማለትም አንዴ ድስት ጥደሽ በምትነክሪው ልክ። ካርቶንሽ 10 ሳንቲሜትር ነው፣ 60 ጊዜ ትጠመጥሚበታለሽ ብለሻል። አንዱ ጥምጥም ፊትና ጀርባ ስለሆነ 20 ሳንቲሜትር ክር ይበላል፣ 60ው 12 ሜትር ይሆናል። 300 ሜትር ካለው ባለ 100 ግራም ልቃቂት 25 ይወጣል ያልሽው ከዚህ ተነስተሽ ነው። ግን አንገቱን የምታስሪበትና የምታንጠለጥይበት ክር አለ፣ እሱም 60 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። አሁን 23 ሆነ። አንዱን የሚያህል በቋጠሮና በተወሳሰበ ክር ያልቃል። ሁለቱ ደግሞ ያቺ አንቺም የጠቀስሻት ነጭ ነጠብጣብ ያለባቸው ናቸው፣ ክሩ ከመነከሩ በፊት ጠበቅ ተደርጎ የታሰረበት ቦታ ቀለም አይገባውማ። ስለዚህ የሚሸጥ 20 ነው። የልቃቂቱ ዋጋ 200 ቢሆን ለ25 ስታካፍይው 8 ነበር፤ ለ20 ስታካፍይው 10 ነው። ሁልጊዜ ማካፈል ያለብሽ ለሚሸጠው ነው፣ ለጀመርሽው አይደለም።

ቀለሙንም በዓይን ግምት አትጨምሪ። ክሩን ደረቁን ትመዝኚዋለሽ፣ ቀለሙ የሚሰላው በደረቁ ክብደት በመቶኛ ነው። 100 ግራም ክር በ3 በመቶ 3 ግራም ዱቄት ይፈልጋል። ፈዘዝ ያለ ቀለም 1 በመቶም ይበቃዋል፣ ጥቁር ግን 6 በመቶና ከዚያ በላይ ሊጠጣ ይችላል። እና ጥቁሩን ከሮዙ እኩል ስትሸጪ በጥቁሩ እየተጎዳሽ ነው ማለት ነው፣ የሚታጠብበትም ጊዜ ይረዝማል። ማጠቡን ደግሞ እባክሽ አትዝለዪ። የቁልፍ መያዣ ላብ ባለበት እጅ ይያዛል፣ ቦርሳ ውስጥ ከነጭ ነገር ጋር ይታሻል። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ወስደሽ ዘርፉን እሺበት፤ ጨርቁ ላይ ቀለም ከወጣ ገና በደንብ አልታጠበም። የደንበኛን ቦርሳ ያበላሸ አንድ ፍሬ የ10ሩን ትርፍ ይዞ ይሄዳል።

አሁን ወደ ጊዜሽ። «አንዱን በ5 ደቂቃ እጨርሳለሁ» ብለሻል። ይሄ የጠመጠምሽበት ብቻ ነው። ስልክሽ ላይ ሰዓት ያዢና 10 በተከታታይ ሥሪ፣ ከመጠምጠም እስከ ማበጠር፣ ጫፉን በመቀስ ማስተካከልና ቀለበት ማስገባት ድረስ። 9 ደቂቃ ቢወጣ አይገርመኝም። መንከሩ ለአንድ ልቃቂት የ60 ደቂቃ ሥራ አለው እንበል፦ መመዘን፣ ማማሰል፣ ማጠብ። ክሩ ተዘፍዝፎ አንቺ ሌላ ነገር የምትሠሪበትን ሰዓት አትቁጠሪ፣ እጅሽ ያለበትን ብቻ ቁጠሪ። ለ20 ሲካፈል 3 ደቂቃ። ፎቶ ማንሳት፣ «ሌላ ቀለም አለ?» ለሚሉት መመለስና ማሸግ 4 ደቂቃ። ድምሩ 16 ደቂቃ።

የአንድ ሰዓት ሥራሽን ዋጋ 120 ብለሽ ብትቆርጪው 16 ደቂቃው 32 ነው። ክር 10፣ ቀለምና ቀለሙን ክሩ ላይ የሚያስይዘው ነገር 2፣ ቀለበትና ማያያዣ 8፣ ማሸጊያ 3፣ ለውሃ፣ ለመብራትና ለሚያረጁት ዕቃዎች 3። ጠቅላላ 58። አንቺ ግን 8 እና 8 ደምረሽ፣ እጥፍ አድርገሽ 32 ትሸጫለሽ! ከ32 ላይ የዕቃውንና የሌላውን ወጪ 26 ስትቀንሺ 6 ይቀርሻል፣ ለ16 ደቂቃ፣ ያውም የምትሸጪበት መድረክ የሚቆርጠው ገና ሳይነሳ። በሰዓት 22.50 መሆኑ ነው። ገንዘቡ የገባው እዚህ ነው። ማንም አልሰረቀሽም፣ ለራስሽ ሳትከፍዪ ስለሠራሽ ነው።

58 ግን መሸጫ ዋጋ አይደለም፣ መነሻ ነው። የምትሸጪበት መድረክ 10 በመቶ ይቆርጣል ብለሻል፣ አንቺም ከዋጋው 20 በመቶ ትርፍ ይቅርልሽ እንበል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 58 ላይ 30 በመቶ ጨምሮ 75 ይላል። መድረኩ የሚቆርጠው ግን ከወጪሽ ሳይሆን ከመሸጫው ላይ ስለሆነ፣ ኮሚሽኑ ሲነሳ በእጅሽ የሚቀረው ትርፍ 13 በመቶ ብቻ ነው። ትክክለኛው ማካፈል ነው፦ ከመሸጫው 30 በመቶው ለመድረኩና ለትርፍ ሲሄድ 58 የቀረው 70 በመቶ ነው፣ ስለዚህ 58 ለ0.70፣ 83 ገደማ።

83 ከበዛ ዋጋውን ከመቁረጥሽ በፊት ደቂቃውን ቁረጪ። አራት ልቃቂት በተመሳሳይ ቀለም አብረሽ ብትነክሪ ሥራው አራት እጥፍ አይሆንም፣ 80 ደቂቃ ቢወስድ ለ80 ፍሬ 1 ደቂቃ ይደርሰዋል። አንድ ቀን ሁሉንም ጠምጥሚ፣ በማግስቱ ሁሉንም አንገት እሰሪ፤ እጅሽ አንድ ዓይነት ሥራ ሲለምድ 9ኙ ወደ 7 ይወርዳል። 4 ደቂቃ ዳነ፣ ወጪው 50 ሆነ፣ ዋጋው ወደ 71 ወረደ።

ሱቅ ከፍተው በብዛት ሊወስዱልሽ ለሚጠይቁሽ ደግሞ አትቸኩዪ። መልሶ የሚሸጥ ሰው ብዙ ጊዜ የመሸጫውን ግማሽ ያህል ነው መክፈል የሚፈልገው። የ83 ግማሽ 41.50 ነው፣ ከ58 በታች። በብዛት መሸጥ እዚህ ላይ በብዛት መክሰር ነው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ከዚሁ ይመለሳል። አሁን በሳምንት 15 ትሸጫለሽ። 15 በ16 ደቂቃ 4 ሰዓት ነው። ገበያው የሚሰጥሽ የ4 ሰዓት ሥራ ሆኖ ሳለ ሥራ ማመልከት ማቆም አልመክርሽም፣ ይሄን የምልሽ እጅሽን ንቄ አይደለም፣ የላክሽውን ፎቶ አይቼ ደስ ብሎኛል። በቀን 6 ሰዓት ብትሠሪ 22 ያህል ይወጣሻል፤ በአዲሱ ዋጋ የዚህን ግማሽ እንኳ በየቀኑ የሚገዛ ሲመጣ እንደገና እንነጋገር። እስከዚያ በማመልከቻሽ ላይ ይሄንኑ ጻፊው፦ ቀለም በመቶኛ መዝኖ መንከር፣ የምርት ወጪ ማስላት፣ ደንበኛ ማስተናገድ። ቀጣሪ የሚፈልገው የሥራ ልምድ ነው።

የሚቀጥለውን ዙር ስትነክሪ አጠገብሽ ደብተር ይኑር። ደረቅ ክብደት፣ የቀለም ግራም፣ ደቂቃ፣ በመጨረሻ የተሸጠው ብዛት። ጥቁሩን ለብቻው ያዢው። ሁለት ዙር ሲሞላሽ ላኪልኝና ቁጥሩን አብረን እንየው።