ከባዱን ከፊት አድርጉ

አሜሪካ ውስጥ ደብል፣ ማለትም በአንድ ትራክተር (ጎታች መኪና) ሁለት ተሳቢ፣ የሚጎትቱ የኛ ልጆች በየተርሚናሉ እየበዙ ነው። ደስ ይለኛል። ማታ ትወጣላችሁ፣ መሀል መንገድ ላይ ተሳቢ ትቀያየራላችሁ፣ ጠዋት ቤታችሁ ናችሁ። የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው። ለደብል የሚያስፈልገው የ«ቲ» ፈቃድ የሚገኘው በጽሑፍ ፈተና ብቻ ነው፤ የመንዳት ፈተና የለውም። ዶሊ (የኋለኛውን ተሳቢ ፊት ተሸክሞ ከፊተኛው ጋር የሚያገናኘውን ባለጎማ ጋሪ) በእጁ ነክቶ የማያውቅ ልጅ በወረቀት ደብል ነጂ ይሆናል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ያርድ ውስጥ ነው። ሁለቱን ባለ 28 ጫማ ተሳቢዎች ከመቀጠላችሁ በፊት የእያንዳንዱን ክብደት ከወረቀቱ ላይ እዩ። ከባዱ ከትራክተሩ ቀጥሎ፣ ቀላሉ ከኋላ። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም። እጅ የሚንቀሳቀሰው ትንሽ ነው፤ የሚጮኸው ጫፉ ነው። መሪውን በድንገት ስታዞሩ ትራክተሩ ትንሽ ይወዛወዛል፣ የኋለኛው ተሳቢ ግን ያንኑ አባዝቶ ይቀበላል። የሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) መማሪያው እንደሚለው ሦስት ተሳቢ ከተቀጠለ የመጨረሻው የመገልበጥ ዕድሉ ከትራክተሩ 3.5 እጥፍ ነው። ክፋቱ ደግሞ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠው ሰው አይሰማውም። መስታወት ላይ ሲያየው ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

ዲስፓቸሩ (ጭነት መዳቢው) «ከባዱ ቀድሞ የሚራገፍ ነው፣ ከኋላ ይሁን» ሊላችሁ ይችላል። ለሱ ይቀለዋል። እናንተ በትህትና እምቢ በሉ። የጥቂት መቶ ፓውንድ ልዩነት ከሆነ አትጨቃጨቁ፤ አንዱ ሙሉ ሌላው ባዶ ሲሆን ግን ድርድር የለም።

አገር ቤት የጅቡቲን መስመር ከነተሳቢው የነዳችሁ ዶሊው ብዙም አይገርማችሁም። የዚያ ተሳቢ የፊት እግር ተነቅሎ ለብቻው ሲቆም እንደማለት ነው። ሲያያዝ ግን አትቸኩሉ። ዶሊው ከገባ በኋላ ኪንግፒኑን (ከተሳቢው ሥር የወጣውን የመያዣ ብረት) ቀስ ብላችሁ ጎተት አድርጉና ሞክሩት። ከዚያ ባትሪ ይዛችሁ ጎንበስ በሉ። በፊፍዝ ዊሉ (ተሳቢው የሚቀመጥበት የዶሊው ሰሌዳ) እና በተሳቢው መካከል ክፍተት መኖር የለበትም፤ መንጋጋው ኪንግፒኑን አንቆ መያዝ አለበት። ሰንሰለቱን፣ የአየር ቱቦዎቹን፣ የመብራቱን ገመድ አገናኙ።

አየሩ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። ከፊተኛው ተሳቢ ጀርባ ያሉት ሁለት ቫልቮች፣ አየር የሚያቀብለው ቀዩና የፔዳሉን ትዕዛዝ የሚያደርሰው ሰማያዊው፣ ክፍት መሆን አለባቸው፣ ከመጨረሻው ተሳቢ ጀርባ ያሉት ዝግ። የዶሊውም የአየር ታንክ ማፍሰሻ ይዘጋ። የፍሬኑ ቫልቭ፣ ሰማያዊው፣ ከፊተኛው ጀርባ ተዘግቶ ቢቀርና ቀዩ ክፍት ቢሆን ምን ይሆናል? የኋለኛው ፍሬኑን ለቆ ይከተላችኋል። ምንም የተበላሸ አይመስልም። ፔዳሉን ስትረግጡ ግን እሱ አይሰማም፤ ዝም ብሎ ይገፋችኋል። መፍትሔው የእግር ጉዞ ነው። አየሩ ሲሞላ እስከ መጨረሻው ተሳቢ ጀርባ ሂዱና የቀዩን ቫልቭ ከፈት አድርጉ። ሲተነፍስ ትሰማላችሁ። ዝጉት። ጋቢና ውስጥ ያለውን የተሳቢ የእጅ ፍሬን አሲዛችሁ ሰማያዊውንም እንዲሁ። ካልተነፈሰ አትነሱም፣ በቃ።

ስትፈቱ ደግሞ፣ ዶሊው ገና ከኋለኛው ተሳቢ ሥር እያለ የፒንትል መንጠቆውን (ዶሊው ከፊተኛው ተሳቢ ጀርባ የሚያያዝበትን) አትክፈቱ። የዶሊው መጎተቻ ብረት ወደ ላይ ሊፈናጠር ይችላል። የፈቺው ሰው ፊት የሚሆነው እዚያው አጠገብ ነው።

መንገድ ላይ ያለው አጭር ነው። በየ10 ጫማው የመኪናችሁ ርዝመት ከፊታችሁ ካለው አንድ ሰከንድ ርቀት ጠብቁ፣ ፍጥነታችሁ በሰዓት ከ40 ማይል በላይ ከሆነ አንድ ጨምሩ። ለ70 ጫማ ደብል 8 ሰከንድ ማለት ነው። መኪኖች መሀል ይገባሉ፤ ይግቡ። ዋዮሚንግ ላይ አይ-80 አውራ ጎዳና ለቀላልና ቁመተ ረጅም መኪና በነፋስ ሲዘጋ፣ ተሳቢዎቻችሁ ባዶ ከሆኑ የተባለው ለናንተ ነው። ቁሙ።

ነዳጅ ማደያ ከመግባታችሁ በፊትም መውጫውን እዩ። ደብል ወደኋላ ጥቂት እንደሄደ ይታጠፋል። መውጫ ከጠፋ በሌሊት፣ በብርድ፣ ሁሉንም ፈታችሁ እንደገና መቀጠል ነው።