ወለሉን ከማንጠፍህ በፊት ውሃውን ፈልግ

ወንድሜ፣ 400 ዶላር ለ14 ጫማ አሉሚኒየም ጀልባ መጥፎ ዋጋ አይደለም። ተጎታቹ አብሮ ከመጣማ ተሳክቶልሃል። ወለል ላንጥፍለት፣ ፊቱን ከፍ አድርጌ ቆሜ ዓሣ የማጠምድበት መቆሚያ ልሥራለት፣ ከየት ልጀምር ብለሃል። እኔም እዚሁ ሚኒሶታ እንዳንተው አሮጌ ገዝቼ ሁለት ዊንተር ጋራዥ ውስጥ ታግዬበታለሁ። ሁለት የሆነው የመጀመሪያውን ሥራ አፍርሼ እንደገና ስለሠራሁት ነው።

መቆሚያውን ለጊዜው እርሳው። መጀመሪያ ውሃ ፈልግ።

መቀመጫዎቹን ክፈት። ውስጣቸው ፎም አለ። ጀልባው ውሃ ቢሞላ እንኳ እንዳይሰምጥ የሚይዘው እሱ ነው። ቦታ ያዘብኝ ብለህ እንዳታወጣው። አሮጌ ከሆነ ግን ውሃ ጠጥቶ ይሆናል። የኔን አውጥቼ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 70 ፓውንድ መዘነ። ደረቁ እኮ በአንድ እጅ የሚነሳ ነገር ነው! ባሕር ዳር ያደገ ሰው ይሄ አይገርመውም። የደንገል ታንኳም ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ፎሙ ግን ሣጥን ውስጥ ተዘግቶበት ፀሐይ ከየት ያገኛል? እኔ ለቤት ግድግዳ የሚሸጠውን ሮዝ ጠንካራ ፎም ቆርጬ ባወጣሁት ልክ መለስኩ። ቤንዚን ከነካው ይሟሟል፣ ከነዳጁ አርቀው።

ቀጥሎ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ እንጨት በካቻቢቴ ወጋ አድርገው። ያለ ችግር ከገባ በስብሷል። በስብሶም ቢሆን ቶሎ አትጣለው፣ የአዲሱን ቅርጽ የምታወጣው ከሱ ነው።

እዚህ ላይ ነው እኔ ጉድ የሆንኩት። ውሃ አይነካውም፣ አይበሰብስም ያሉኝን አረንጓዴ ኮምፔንሳቶ ገዝቼ ወለሉንም የኋላውንም በሱ ሠራሁ። ለካ እንጨቱን ከመበስበስ የሚጠብቀው መድኃኒት ውስጥ መዳብ አለ። መዳብና አሉሚኒየም እርጥበት ላይ ሲገናኙ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። በሁለተኛው ዓመት ወለሉን ሳነሳው ከሥሩ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር አገኘሁ። በጣቴ ጠረግ ሳደርገው መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ። ስልኬን ከሥር አበራሁት፤ ብርሃኑ ሽቅብ ወጣ። ያን ቀን እራት አልበላሁም። ተራውን ኮምፔንሳቶ ግዛና ኤፖክሲ (ሲደርቅ ውሃ የማያሳልፍ ጠንካራ ሙጫ) ቀባው፤ ጠርዙንና የብሎኑን ቀዳዳ ውስጡን ጭምር።

የሚያፈሰውን ለማግኘት ደግሞ ጀልባው ተጎታቹ ላይ እንዳለ ውስጡን ውሃ ሙላው። ከስንዝር አታሳልፍ፤ ውሃ ከባድ ነው፣ ተጎታቹን ይጎዳዋል። ባለቤቴ በመስኮት አይታኝ "ሰው ውሃ ከጀልባ ያወጣል፣ አንተ ትሞላለህ?" አለችኝ። ከሥር ተጋድመህ ጠብ የሚለውን ሪቬት (አሉሚኒየሙን እርስ በርሱ የሚያያይዘውን ምስማር) ሁሉ በማርከር ክበብ። ከዛ ሰው ጥራ፤ ብቻህን አይሆንም። አንዱ ከውጭ የሪቬቱን ራስ በከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ከውስጥ ጭራውን ቀስ እያለ በመዶሻ ይመታል። አብዛኛው በዚህ ይጠብቃል። ሽጉጥ በሚመስለው መሣሪያ የሚተከለውን ተራ ሪቬት ግን ከውሃው መስመር በታች አትጠቀም። መሃሉ ባዶ ስለሆነ ያፈሳል።

አሁን ወደ መቆሚያህ እንምጣ። ጀልባው ላይ ስንት ፓውንድና ስንት የፈረስ ጉልበት እንደሚችል የሚገልጽ ትንሽ ሳህን ተለጥፏል። ኮምፔንሳቶው፣ ምንጣፉ፣ ባትሪው፣ ሁሉም ከዛ ላይ ይቀነሳል። ከፍ ብለህ በቆምክ ቁጥርም ጀልባው ይበልጥ ይወዛወዛል። እኔ መጀመሪያ እስከ አፉ ድረስ ከፍ አድርጌው ነበር፤ ጓደኛዬ ዓሣ ሊያወጣ ጎንበስ ሲል ሁለታችንም ልንገለበጥ ነበር። አሁን ከፊት መቀመጫው ቁመት አላሳለፍኩትም፣ ይበቃል።

ቀለም ከፈለግክ ለአሉሚኒየም የሚሆን ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) አስቀድም፤ ያለሱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። መብራት ስትዘረጋም ኔጌቲቩን ከጀልባው አካል ጋር አታገናኝ። ለብቻው ሽቦ ይዘህለት እስከ ባትሪው ውሰደው፣ ፊውዙንም ባትሪው አጠገብ አድርግ።

ለማንኛውም ዛሬ ማታ ካቻቢቴውን ይዘህ ውጣና የኋላውን እንጨት ወጋ አድርገህ ፎቶውን ለጥፍልን። ምን ያህል እንጨት እንደምትገዛ ከሱ አይተን እንነግርሃለን።