ኮካቲሉን ከምድጃው ያርቁልኝ

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከአዊ ዞን፣ ከፋግታ ለኮማ ነው። ልጄ ለልጅ ልጆቼ ብሎ ከአዲስ አበባ ኮካቲል የሚሉት ወፍ ይዞ መጣ። መጀመሪያ ሰሞን ሲያፏጭ ጎረቤቱን ሁሉ ያስቅ ነበር። ጤፍና የእንጀራ ፍርፋሪ እሰጠዋለሁ። ብርዱ እንዳይጎዳው ብዬ ማጀት ከምድጃው በላይ ሰቅዬዋለሁ። ሰሞኑን ግን ላባው ተንጨፍርሮ ኩርምት ብሎ ይውላል፣ ያስነጥሰዋል። ብቸኝነት ይሆን? ከዶሮዎቼ ጋር ብለቀውስ?

መልስ፦ ጋሼ፣ የዶሮዎቹን ነገር እመለስበታለሁ። አስቀድመው ግን ወፉን ዛሬውኑ ከማጀት ያውጡልኝ።

ለብርዱ ማሰብዎ ልክ ነው። ኮካቲል የአውስትራሊያ ደረቅ አገር ወፍ ነው፣ የአዊ ቁርና ጭጋግ ይከብደዋል። ጭሱ ግን ይብስበታል። የወፍ አተነፋፈስ ከእኛ የተለየ ነው። ሳንባው አየር ከሚይዙ ከረጢቶች ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከሚስበው አየር ብዙ ኦክስጅን ይወስዳል። መርዙንም እንደዚያው አጥብቆ ይወስዳል። እንግሊዝ አገር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ካናሪ የምትባል ወፍ ይዘው ጉድጓድ ይገቡ የነበረው ለዚህ ነው። ወፏ ስትዝለፈለፍ እነሱ ይወጣሉ። እናንተ ዘንድ ደግሞ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ማክሰል የተለመደ ስለሆነ፣ የሚከስልበት ቦታ ጭስ ወደሚነፍስበት በኩል አያስቀምጡት። የቡና እጣኑም ወፉ ካለበት ክፍል ውጭ ይጫጫስ። ቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ ካላችሁ ሲበዛ ሲግል የሚያወጣው ጢስ ሽታው ሳይታወቅ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድለዋል።

ሰው የሚውልበት ክፍል፣ ነፋስ የማይመታው ግድግዳ ጋ ይሁን። ማታ የሽቦ ቤቱን በሦስት በኩል በጋቢ ይሸፍኑለት፣ አንዱ በኩል ለአየር ክፍት ይቅር። ኮካቲል በጨለማ ኮሽታ ከሰማ ደንግጦ እየተወራጨ ክንፉን ይሰብራል። ትንሽ መብራት ቢኖር ጥሩ ነው።

ዲከረንስን ካነሳን አይቀር፣ እሱም ባሕር ዛፉም የዚህ ወፍ አገር ልጆች ናቸው። በዱር ሲኖር እንቁላሉን የሚጥለው በባሕር ዛፍ ፍልፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ቆጡን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ያድርጉለት። አጥበው፣ ከቀጭኑም ከወፍራሙም ያግቡለት። ሁልጊዜ አንድ ውፍረት ያለው ለስላሳ ዱላ ላይ የሚቆም ወፍ መዳፉ ይቆስላል።

ወደ ምግቡ ልምጣ። ጤፉ ክፋት የለውም፣ ብቻውን ግን አያኖረውም። የእንጀራ ፍርፋሪውን ይተዉት። ዳጉሳ፣ ማሽላና አጃ ይቀላቅሉለት፣ ኑግ ደግሞ ቁንጥር ታህል። የእኛ ኑግ ውጭ አገር የሚሸጠው በአብዛኛው ለወፍ መኖ ነው፣ ግን ቅባት ስላለው ሲበዛ ያወፍረዋል። እህል ብቻ የሚበላ ወፍ ቫይታሚን ኤ ያጥረዋል። ያ ሲጎድል የአፍንጫውና የመተንፈሻው ሽፋን ይደርቃል፣ በሽታ ይገባበታል። የእርስዎ ወፍ ማስነጠስም ከጭሱ ሌላ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። በየቀኑ ጎመን፣ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ቀይ የበሰለ ቃሪያ ይስጡት። ያቃጥለዋል ብለው አይስጉ፣ ወፍ የበርበሬ ማቃጠል አይሰማውም። አቮካዶ፣ ቡና፣ ቸኮሌትና ጨው ያለው ቆሎ ግን ፈጽሞ አይቅመስ። ለነቀዝ መድኃኒት ከተደረገበት ጎተራ፣ ቀለም ከተቀባ የዘር በቆሎም አንዲት ፍሬ እንዳትደርሰው።

ዶሮዎቹን በተመለከተ፣ እንኳን ጠየቁኝ። ፈንግል ዶሮ ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ ለኮካቲልም ይተርፋል። ዶሮ ሳትታመም የምትሸከማቸው ተባዮችም አሉ። ደግሞ ወፍዎ ቢመዘን ከ80 እስከ 120 ግራም ነው፣ አውራ ዶሮ አንዴ ቢነቁረው አለቀለት። ዶሮ ነክተው ሲመጡ እጅዎን ሳይታጠቡ አይያዙት።

ብቸኝነቱ ግን እውነት ነው፣ በመንጋ የሚኖር ወፍ ነው። ሲሻለው ልጆቹ በየቀኑ ያጫውቱት። ቁንጮውን እንዲያነቡ ያስተምሯቸው። ቀጥ ብሎ ከቆመ ደንግጧል ወይም አንድ ነገር ገርሞታል። ወደ ኋላ ተለጥፎ እስ እያለ ከሆነ ተቆጥቷልና እጃቸውን ይሰብስቡ። ተንከባክበው ከያዙት 15፣ 20 ዓመት ሊኖር ስለሚችል የልጅ ልጆችዎ ጎልማሳ እስኪሆኑ አብሯቸው ነው።

አሁን ግን ታማሚ ነው። ወፍ በሽታውን ይደብቃል፣ ተንጨፍርሮ ሲያዩት ቆይቶበታል ማለት ነው። ሲተነፍስ ጭራው ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ አያሳድሩት፣ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። ሱቅ ባለ ዲጂታል ሚዛን መዝነው ክብደቱን ጽፈው ይያዙ፣ ሐኪሙን ይረዳዋል። ለዶሮ የሚሰጡትን ኦክሲ የሚባል የመድኃኒት ዱቄት በግምት ውኃው ውስጥ አይበጥብጡበት።

አንድ ነገር ደግሞ ለቤተሰቡ። ኮካቲልን የመሰሉ የበቀቀን ዘር ወፎች ወደ ሰው ሳንባ የሚተላለፍ በሽታ ሊኖርባቸው ይችላል። ኩሱን በደረቁ አይጥረጉት፣ ውኃ ረጭተው በእርጥቡ ያንሱት፣ ልጆቹም ሥራውን አይሥሩ። ከቤቱ ሰው ትኩሳትና ሳል የያዘው ካለ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ቤት ውስጥ የታመመ ወፍ እንዳለ ይንገራቸው።