ፉል ፍሬም ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ክሮፕ ካሜራ (ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፣ አነስ ያለ) አለኝ፣ ሌንሴ አብሮት የመጣው 18-55 ሚሊሜትር ዙም ነው፣ ልጆቼን ማታ ቤት ውስጥ ሳነሳቸው ብዥ ይሉብኛል፣ ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው ካሜራ) ልግዛ ወይስ ብራንድ ልቀይር ነው ያልሽው። ከኔ በፊት የመለሱልሽ የሞዴል ስም ደርድረውልሻል። እኔ ደግሞ ቆይ፣ ኪስሽን ገና እንዳትነኪ ልልሽ ነው።

መጀመሪያ ከተበላሹት ፎቶዎች አንዱን ኮምፒውተር ላይ ክፈቺና ዝርዝር መረጃውን እዪ። ይሄን ምክር የምሰጥሽ ራሴ ከስሬበት ነው። አንድ ማታ የእህቴን ልጅ ሻማ ሲያጠፋ 40 ያህል ፎቶ አነሳሁት። በካሜራው ስክሪን ሁሉም ያምራሉ። ቤት ገብቼ ሳሰፋቸው ልጁ ሁለት አፍንጫ አውጥቷል፣ እጁ ጭስ መስሏል። መረጃው 55 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 5.6፣ 1/30 ሰከንድ ይላል (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፣ ሰከንዱ ሹተሩ ተከፍቶ ብርሃን ያስገባበት ጊዜ)። ኬኩና ጠረጴዛው ግን ጥርት ብለዋል። የኔ እጅ ተንቀጥቅጦ ቢሆን ኖሮ ኬኩም አብሮ ብዥ ይል ነበር። የተንቀሳቀሰው ልጁ ነው። ሌንሱ ላይ ያለው ስታቢላይዘር የአንሺውን እጅ እንጂ የልጁን እጅ አያስቆምም። (ልጁ ዝም ብሎ ተቀምጦ ከኋላው ያለው ነገር ብቻ ጥርት ካለ ግን ፎከሱ ነው የሳተው። እሱ ገንዘብ አያስወጣም፣ ፎከሱን ዓይን ላይ ማድረግ ነው።)

ቤት ውስጥ ለሚንቀሳቀስ ልጅ እኔ ከ1/250 አልወርድም። ከሮጠ 1/500። ከ1/30 ወደ 1/250 ለመሄድ ደግሞ 8 እጥፍ ያህል ብርሃን ይፈለጋል። ታዲያ ከየት ይምጣ?

ፉል ፍሬም እንበል። ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፣ ያንቺ ወደ 24 በ16። ስፋቱ ከእጥፍ ትንሽ ይበልጣል። ሌንሱ ያው ኤፍ 5.6 ከሆነ የምታገኚው ጥቅም በዚያው ልክ ነው፣ ከሁለት እጥፍ ትንሽ ከፍ ያለ። አሁን ባለሽ ካሜራ ላይ ኤፍ 1.8 ሌንስ ብትገጥሚበትስ? ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር 10 እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ግር ያሰኛል ግን ይለመዳል። ችግርሽ ሌንሱ ነው፣ ቦዲው (ካሜራው ራሱ) አይደለም። ፉል ፍሬም ስትገዢ ደግሞ የክሮፕ ሌንስሽ ሴንሰሩን ሙሉ ስለማይሸፍን ሌንስ መግዛትሽ አይቀርም።

እዚህ ድረስ እኔም ገብቶኝ ነበር። ከዚያ ሮጬ ሄጄ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ገዛሁ፣ ሁሉም ሰው ስለሚያሞግሰው። ሌንሱ ግሩም ነው። ክሮፕ ላይ ግን ፉል ፍሬም ላይ እንዳለ 75 ሚሊሜትር አጥብቦ ነው የሚያየው። ሳሎን ውስጥ ጀርባዬ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እንኳ የሚገባልኝ የአንድ ልጅ ፊትና ትከሻ ብቻ ነው። ሁለት ልጆች አብረው ሲጫወቱ ማንሳት ከፈለግኩ በሩን ከፍቼ ኮሪደር ላይ መውጣት ነበረብኝ። በመጨረሻ ሸጬው ሰፋ አድርጎ የሚያየውን 35 ሚሊሜትር ገዛሁ።

አንቺ ሳትገዢ ልትፈትኚው ትችያለሽ። ዙምሽን 35 ላይ አድርጊና ቀለበቱን በፕላስተር እሰሪው። አንድ ሳምንት እንደዚያው ቤት ውስጥ አንሺ። ከጠበበሽ ፈትተሽ 24 ላይ ደግሞ እሰሪው። የትኛው ላይ ሆነሽ ወደ ኋላ ማፈግፈግ እንዳቆምሽ እግርሽ ይነግርሻል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ኤፍ 1.8 ላይ ቀረብ ብለሽ ስታነሺ አንዱ ዓይን ጠርቶ ሌላው ሊደበዝዝ ይችላል። ሁለት ልጆች ከሆኑ ወይ እኩል ርቀት ላይ ይቁሙልሽ (እሺ ካሉ!) ወይ ኤፍ 2.8 ላይ አድርጊው። እሱም ከኤፍ 5.6 አራት እጥፍ ብርሃን ነው፣ የቀረውን አይኤስኦ (ካሜራው ምስሉን የሚያደምቅበት ቁጥር) ይሸፍነዋል።

ሜጋፒክሰል አያሳስብሽ። 24 ሜጋፒክሰል ማለት 6000 በ4000 ነው፣ ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው ጥሩ ህትመት ያወጣል። ፉል ፍሬም የሚያስፈልገው ሰው አለ። በደብዛዛ አዳራሽ ለክፍያ የሚሠራ፣ ኤፍ 1.8 ሌንስ ይዞም ብርሃን ያነሰው ሰው። አንቺ እዚያ ገና አልደረስሽም። ብራንድ መቀየርም ሌንስሽን ሁሉ ከዜሮ መጀመር ነው፣ ማውንቱ (ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚገጠምበት ቦታ) ስለሚለያይ።

ስለ ክብደት ደግሞ ሰው ብዙ አያወራም። እኔ አንድ ጊዜ 70-200 ኤፍ 2.8 የሚባል ትልቅ ዙም ሌንስ ገዝቻለሁ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን። በአንድ ዓመት ሦስቴ ይዤው ወጣሁ። ሌላውን ጊዜ ቁምሳጥን ላይ ሆኖ ሲያየኝ ነው የከረመው። ልጅ ያላት እናት በአንድ እጇ ቦርሳ ይዛ በሌላው የምታነሳው ካሜራ ነው የሚያስፈልጋት። ትንሿ 35 ለዚህም ትሆናለች።

ያገለገለ ሌንስ ካገኘሽ ግዢው፣ አትፍሪ። ብቻ በስልክሽ መብራት ከኋላ አብርተሽ በውስጡ እዪ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየሽ ፈንገስ ነው፣ ትተሽው ሂጂ። ትንሽ አቧራ ግን ምንም አይደለም።

እስከዚያው ዛሬ ማታ እንዲህ ሞክሪ። ዙሙን ወደ 18 መልሺውና ጠጋ በዪ፣ እዚያ ላይ ሌንስሽ እስከ ኤፍ 3.5 ይከፈታል፣ ከ5.6 ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ብርሃን ነው። በጣም አትጠጊ፣ አፍንጫ ያተልቃል። ሹተሩን 1/250 አድርጊና አይኤስኦውን ለካሜራው ተዪለት። 6400 ቢደርስም አትደንግጪ፣ ኖይዝ (አሸዋ የተበተነበት የሚመስል ነገር) ያለበት ፎቶ ከብዥታው ይሻላል። ፍላሽ ካለሽ ወደ ኮርኒሱ አዙሪው፣ ፊታቸው ላይ በቀጥታ አትተኩሺ። ከዚያ ፎቶውን ከነቁጥሮቹ አሳዪን። 35 ይሁን 24 ያኔ እንነጋገራለን።