ከጓደኛዬ ጋር በየሳምንቱ አርብ አንድ ሁለት ማለቴ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። እኔና አንድ ጓደኛዬ ከተማሪነታችን ጀምሮ በየሳምንቱ አርብ ማታ እንገናኛለን። ሁለት ሁለት ቢራ እንጠጣለን፣ እናወራለን፣ ከዚያ ወደየቤታችን እንገባለን። የልቤን የማጫውተው ሰው እሱ ብቻ ነው። በቅርቡ የንስሐ አባት ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን መቅረብ ስጀምር፣ አብረውኝ የሚማሩ ወንድሞች «መጠጥ ያልተወ ሰው አልተመለሰም፤ ያን ጓደኛህንም ተወው» አሉኝ። ጓደኛዬ ቤተ ክርስቲያን አይሄድም። እውነት ለመናገር ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በሁለት አያቆምም። እኔ ስነሣ እሱ ይቀራል። ባለቤቱ ስትደውል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ይደፋዋል። «ዳግመኛ መጠጥ አልቀምስም» ብዬ ስእለት ልሳል? ወይስ ከእሱ ጋር ጭራሽ ልቁረጥ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህን አትተወው። ስለ መጠጡ እመለስበታለሁ፤ ይህን ግን ማስቀደም ፈለግሁ።

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 9 የቀድሞ ወዳጅህን አትተው ይላል። አዲስ ወዳጅ እንደ አዲስ ወይን ነው፤ ሲቆይ ነው ደስ ብሎህ የምትጠጣው ይላል። ጠቢቡ ወዳጅነትን ለማመስገን ምሳሌ አላጠረውም። ሆኖም የመረጠው ወይንን ነው። ወንድሞችህ ያሉህን ከቅንዓት እንዳሉት አልጠራጠርም። ነገር ግን ንስሐ ከኃጢአት መለየት ነው እንጂ ከሰው መሸሽ አይደለም። ጌታችንን «በላተኛና የወይን ጠጅ ጠጪ፣ የቀራጮችና የኃጢአተኞች ወዳጅ» ብለው ሲሰድቡት፣ ወዳጅነቱን አልካደም።

አሁን ወደ መጠጡ። ቤተ ክርስቲያናችን መጠጥን በራሱ ርኩስ አትልም። ዳዊት የሰውን ልብ ደስ የሚያሰኘውን ወይን ከእግዚአብሔር ስጦታዎች ጋር ቆጥሮታል። ጌታ በቃና ዘገሊላ ውኃውን ወይን አድርጎታል። ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆድህና ስለ ሕመምህ ጥቂት ወይን ጠጣ ብሎታል። ክቡር ደሙን የምንቀበለውም ከወይን ነው። በሐዋርያት ስም የሚጠሩት ቀኖናት እንዲያውም ሥጋንና ወይንን ለተጋድሎ ሳይሆን ተጸይፎ የሚተወውን ሰው ይወቅሳሉ። የእግዚአብሔርን ፍጥረት መስደብ ነውና። እነዚያው ቀኖናት ግን በስካር የጸና ካህን ይተው፣ ካልተወ ከሹመቱ ይሻር ብለው ይፈርዳሉ። ሁለቱን አብረህ ያዛቸው።

የተከለከለው ስካር ነው። በዚህ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ምንም አያለዝብም። ኤፌሶን 5፥18ን አንብብ። በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 ደግሞ ሰካሮች የእግዚአብሔርን መንግሥት ከማይወርሱት ጋር ተቆጥረዋል። «እኔ እኮ አልሰከርኩም» የሚል ብዙ ሰው አለ። ስካር ግን የሚጀምረው መንገድ ላይ ስትወድቅ አይደለም። የሰው ምሥጢር ከአፍህ ሲያመልጥ ጀምሯል። ቤትህ ገብተህ ልጆችህ ላይ ስትጮህ ጀምሯል። ጠጥተህ የመኪና መሪ ከጨበጥክማ የራስህ ኃጢአት ብቻ አይደለም፤ የሌላ ሰው ነፍስ በእጅህ ነው። በሁለቱ ቢራ ከዚህ የራቅክ ከሆነ፣ ኃጢአተኛ ነህ ብዬ አልፈርድብህም። ትቼው ልኑር ካልክም ደግ አደረግህ። መጥምቁ ዮሐንስ ወይን አልቀመሰም፤ የጠጡትን ግን በዚህ አልኮነነም።

እኔ የምነቅፍብህ ቀኑን ነው። ወንድሜ፣ ለምን አርብ? ከበዓለ ሃምሳ በቀር ረቡዕና አርብን እንጾማለን። አርብ የጌታችን ስቅለት ነው። ተጠማሁ ሲል ሆምጣጤ ያቀረቡለት በዚህ ቀን ነው። ነቢዩ ዳንኤል በጾሙ ሥጋም ወይንም በአፌ አልገባም ይላል። ጾምን ከሥጋና ከወተት ብቻ ቆጥረን መጠጡን እንደ ጾም ምግብ ማየታችን ክፉ ልማድ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመህ ማታ ቢራ ቤት የምትገባ ከሆነ፣ ለሰውነትህ የከለከልከውን ደስታ በሌላ በር አስገባኸው ማለት ነው።

«እሺ፣ ወደ ቅዳሜ ላዙረው» ትለኝ ይሆናል። እሱም አይሆንም። ለመቁረብ 18 ሰዓት መጾም አለብህ። ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ብትጠጣ፣ እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ገና 14 ሰዓትህ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ የምትጠጣ ከሆነ በእሑድ ቅዳሴ መቼ ልትቆርብ ነው? ብዙዎቻችን ከቁርባን የራቅነው በትልቅ ኃጢአት ብቻ አይደለም፤ በእንዲህ ያለ ፕሮግራምም ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ አድርጉት። ማግስቱ ጾም ነውና በሁለቱም ቀን እኩለ ሌሊትን አትሻገሩ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ 55ቱን ቀን መጠጡን ተውት፤ መገናኘቱን ግን አታቋርጡ።

ስእለቱን አትሳል። በስሜት «ዳግመኛ አልቀምስም» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ወሩ ሳይሞላ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ የሚያስቸግረው መጠጡ ሳይሆን ተስፋ መቁረጡ ነው። መክብብ ተስለህ ከማትፈጽም ባትሳል ይሻላል ይላል። የንስሐ አባት አለህ አይደል? ስንት እንደምትጠጣ፣ መቼ እንደምትጠጣ ሳትቀንስ ንገራቸው። ተው ካሉህ በእሳቸው ምክር ተው።

አሁን ከደብዳቤህ ሁሉ ልቤን ወደያዘው ልምጣ፤ ስልኩን ይደፋዋል ወዳልከው። ይህን ያየኸው አንተ ነህ። ሌላ ሰው አላየውም፣ ባለቤቱም የምታውቀው ስልኩ እንዳልተነሣ ብቻ ነው። ወዳጅህ ተይዟል ብዬ እፈራለሁ። በዚህ ጊዜ ለአንተ የተፈቀደው ሁለት ቢራ ለእሱ የመጀመሪያው ደረጃ ይሆንበታል። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 14 ወንድምህ የሚሰናከልበትን ሥጋ አለመብላት፣ ወይንም አለመጠጣት መልካም ነው ያለው ለዚህ ነው። አንተ ባትሰክርም፣ እሱ እንዲጠጣ ምክንያት የምትሆነው አንተ ከሆንክ በእግዚአብሔር ፊት ያስጠይቅሃል። እንግዲህ ቀኑን ብትለውጠውም፣ ከእሱ ጋር ስትሆን አትጠጣ። ሻይ ያለበት ቦታ ቅጠረው፣ ወይም በእግር እየሄዳችሁ አውሩ። የእናንተ ወዳጅነት ያለ ብርጭቆ የሚቆም መሆኑን ያን ጊዜ ታውቀዋለህ። እኔ ይቆማል ባይ ነኝ፤ የልብህን የምትነግረው ለሰውዬው እንጂ ለቢራው አልነበረም።

ስትነግረው ሞቅ ባለው ሰዓት አይሁን። ቀን፣ ለብቻችሁ ስትሆኑ ንገረው። በጥቅስ አትጀምርበት፤ ገና ከተመለሰ ሰው የሚሰማ ጥቅስ እንደ ክስ ነው የሚሰማው። ያየኸውን ብቻ ንገረው። «ስትደውልልህ ስልኩን ስትደፋው አየሁህ። ምን ሆነሃል?» በለው። ከዚያ ዝም ብለህ ስማው። ቢቆጣህ አትመልስለት።

አንድ ነገር አደራ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ከሆነ፣ «ዛሬውኑ አቁም» ብለህ አታስገድደው። ሰውነቱ የለመደበት ሰው በድንገት ሲያቆም እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል፤ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ጸሎቱም ጠበሉም ሐኪሙን አይከለክሉም። ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። አብረኸው ሂድ። ብቻውን ሂድ ያልከው እንደሆነ የሚሄድ አይመስለኝም።

እምቢ ቢልህ በሚቀጥለው ሳምንት ደግመህ ደውል። ሊጠጣ ሲሄድ አብረኸው አትሄድም፤ ውሰደኝ ሲልህ ግን በሌሊትም ቢሆን ሂድና ወደ ቤቱ አድርሰው። የክርስትና ስም ካለውም ጠይቀውና ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ በጸሎታቸው ያስቡታል።