ስለ ብየዳ ጥንቃቄ ጠይቁኝ፣ ዛሬ ማታ አለሁ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ትናንት የብየዳ ብርሃን መትቶኝ ሌሊቱን ሙሉ አይኔ አሸዋ እንደገባበት አደረ። ድንች ቆርጬ ልለጥፍበት?

መልስ፦ ድንቹን ለወጥ ተወው። ብርሃኑ ከመታህ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ስለሚነሳ ነው ቀን ደህና ውለህ ሌሊት የተሰቃየኸው። አትሸው። እስከ ነገ ካልተሻለህ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ የማስክ መስታወት ስንት ቁጥር?

መልስ፦ ቁጥሩ የመስታወቱ ጥቁረት ነው፤ ለኤሌክትሮድ ብየዳ ከ10 አትውረዱ።

ጥያቄ፦ ባዶ የቤንዚን በርሜል ቆርጬ ምድጃ ልሠራ ነው። ክዳኑን ከፍቼዋለሁ፣ ችግር አለው?

መልስ፦ አቁም! መብራቱን ንቀል፣ ከዚያ አንብብ። ከሞላው ይልቅ የሚያስፈራው ባዶው ነው። የቤንዚን ትነት ከአየሩ 1.4 ከመቶ ገደማ ከሆነ ለመፈንዳት ይበቃዋል፤ ከ7.6 ሲያልፍ አየር ያንሰውና እምቢ ይላል። «ባዶ» የምትሉት በርሜል በሁለቱ ቁጥሮች መሃል ሊሆን ይችላል። ክዳን መክፈት አያድንም። በኦሞ አጥቦ «ሽታው ጠፋ» ማለትም አያድንም፤ ስፌቱ ውስጥ የተደበቀው እሳት ሲያሞቀው ይወጣል። ናፍጣም ያው ነው፣ ሲቀዘቅዝ አይተንም፣ ሲሞቅ ይተናል። ተለማማጅ ሳለሁ ከጎረቤት ጋራዥ የበርሜል ክዳን የጣሪያውን ቆርቆሮ በስቶ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ቆራጩ ሰውዬ ተረፈ፣ ግራ እጁ አልተረፈም። የግድ ከሆነ በውሃ ሙላው፣ አየር መውጫውን ክፍት ተው፣ በመሮና በመዶሻ ቁረጠው።

ጥያቄ፦ ጋልቫናይዝድ ቱቦ ስበይድ ውዬ ማታ አንቀጠቀጠኝ። ወባ ይሆን?

የጋራዥ ልጅ፦ ወተት ጠጣ፣ ያወርደዋል።

ተማሪው፦ ጭሱ የገባው ሳንባው ውስጥ ነው፣ ወተቱ የሚገባው ሆዱ ውስጥ።

የጋራዥ ልጅ፦ አባቴ 30 ዓመት በይዶ በወተት ነው የኖረው።

ተማሪው፦ ሻይም ጠጥቷል እኮ፣ ሻዩስ?

መልስ፦ የላም ክርክራችሁን ወደ ሌላ ቦታ ውሰዱልኝ። ሽፋኑ ዚንክ ነው፣ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ብረቱ የሚቀልጠው ወደ 1500 ገደማ ነው። ስለዚህ ብረቱ ሳይቀልጥ ቀድሞ ጭስ ይሆናል፤ ያንቀጠቀጠህም እሱን መሳብህ ሳይሆን አይቀርም። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል፤ ደረትህን ከጨመደደህ ግን ሐኪም ቤት። የወባ አገር ከሆንክ ተመርመር። ከዛሬ ጀምሮ የምትበይድበትን ቦታ ሽፋኑን በግራይንደር አንሳ፣ የአቧራ ማስክ አድርገህ፤ ደጅ ወጥተህ ነፋሱ ጭሱን ከፊትህ እንዲወስድ ሁነህ ሥራ።

ጥያቄ፦ አሠሪዬ ጓንት አይገዛልኝም።

መልስ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። ክርክሩን የሕግ ሰው ጠይቅ፣ እኔ በያጅ ነኝ።

ጥያቄ፦ ማሽኑ ይነዝረኛል፣ ምንድን ነው?

መልስ፦ የቱ ማሽን? ወለሉ እርጥብ ነው? ገመዱ ተልጧል? እንዲህ አይጠየቅም። እስክትነግረኝ አትንካው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምግብ ዘይት በርሜልስ? ቤንዚን አልነበረበትም።

መልስ፦ ከላይ አንብብ። ዘይትም ሲሞቅ ይጨሳል፣ ጭሱም በእሳት ይያያዛል። ውሃ! ውሃ ሙላበት!