«ኤልሲውን በባንክ ሜሊ እከፍታለሁ» አለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምጽፍልህ ከጅማ ነው፣ ሂርማታ አካባቢ ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ከአጋሮና ከጌራ ቡና እየሰበሰብን ለላኪዎች እናቀርብ ነበር፤ ዘንድሮ የራሳችንን የላኪነት ፈቃድ አወጣን። በዘመድ በኩል አንድ ኢራናዊ ገዢ አገኘን፣ ናሙናውንም ወደደው። ኤልሲውን (ባንክ ለክፍያው ዋስ የሚሆንበትን ሰነድ) የኢራን መንግሥት ባንክ በሆነው በባንክ ሜሊ እከፍታለሁ ይላል። የእኛ ባንክ ግን ገና ስሙን ሲሰማ «አይሆንም» አለን፣ ምክንያቱን እንኳ በቅጡ አልነገረንም። ማዕቀቡ ኢራን ላይ እንጂ እኛ ላይ አይደለም፤ ደግሞ ሁለታችንም ብሪክስ ውስጥ ነን። የመንግሥት ባንክ ስለሆነ ነው እንዴ? የእኛም ንግድ ባንክ የመንግሥት ነው እኮ!
ሀ. ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለፈቃዱ አበቃችሁ። ንዴትሽ ይገባኛል። አነጋገሩ ባያምርም ባንክሽ ግን አልተሳሳተም።

የመንግሥት መሆኑ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ሜሊ በ1928 ሥራ የጀመረ አንጋፋ ባንክ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1960 ማዕከላዊ ባንክ እስኪቋቋም ድረስ የአገሪቱን ገንዘብ አሳትሞ ያወጣ የነበረውም እሱ ነው። ጣጣው የመጣው በ2007 ነው። አሜሪካ «ለኒውክሌርና ለሚሳይል ፕሮግራም ገንዘብ ያዘዋውራል» ብላ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ከተተችው፣ አውሮፓ ኅብረትም በ2008 ተከተለ። ኢራን ከኃያላን አገሮች ጋር በ2015 ከተስማማችው የኒውክሌር ስምምነት በኋላ በ2016 ተፈትቶ ነበር። ትራምፕ በ2018 ስምምነቱን ጥለው ሲወጡ አሜሪካ መልሳ አስገባችው፣ ያውም ሽብርን በመደገፍ ስም። ምግብና መድኃኒት ከማዕቀቡ ነፃ ነው ሲባል ሰምተሽ ከሆነ፣ በዚህ ስም ለተመዘገበ ባንክ ያ በር አይከፈትም።

አሁን ወደ ቡናው። ዶላሩ ከቴህራን ተነሥቶ ቀጥታ ጅማ አይገባም። ባንክሽ ውጭ አገር ባለ ትልቅ ባንክ ሒሳብ አለው፣ የዶላር ክፍያ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ኒውዮርክ ላይ ነው የሚወራረደው። እዚያ የአሜሪካ ሕግ ያገኘዋል። የፈረንሳዩ ቢኤንፒ ፓሪባ አሜሪካዊ አይደለም፣ ግን ለሱዳን፣ ለኢራንና ለኩባ ዶላር አዘዋውረሃል ተብሎ በ2014 ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ተቀጣ። የአንቺ ባንክ ከቅጣቱ ይልቅ የሚፈራው፣ ያ የውጭ ባንክ «ከእናንተ ጋር አልሠራም» ብሎ ሒሳቡን እንዳይዘጋበት ነው። እሱ ከተዘጋ የአንቺ አንድ ኮንቴይነር ብቻ አይደለም የሚቆመው፣ መድኃኒት የሚያስመጣውም መኪና የሚያስመጣውም ደንበኛ አብሮ ይቆማል።

«በዩሮ ብናደርገውስ?» ትዪኝ ይሆናል። የሜሊ ሀምቡርግ ቅርንጫፍ የገጠመውን ልንገርሽ። በ2018 የጀርመኑ ቴሌኮም የስልክና የኢንተርኔት ውሉን አቋርጫለሁ አለው፣ አሜሪካ ውስጥ ያለው ገበያው ስላሳሰበው። ክርክሩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ። የስልክ መስመር እንዲህ ከሆነ ኤልሲ ምን ሊሆን ነው? ብሪክስም ቢሆን ስዊፍትን (ባንኮች የክፍያ መልእክት የሚለዋወጡበትን ዓለም አቀፍ መረብ) የሚተካ የጋራ መክፈያ ገና አልሠራም።

ገዢሽ ቀጥሎ የሚልሽን ልገምት፦ «ዱባይ ያለ ወዳጄ ይክፈልሽ»። እሺ እንዳትዪ! ዱባይ ሆነው ለኢራን ባንኮች ገንዘብ ሲያዘዋውሩ የተደረሰባቸው ድርጅቶች ራሳቸው መዝገብ ገብተዋል። ገንዘቡ መንገድ ላይ ቢታገድ ቡናሽ ሄዷል፣ ብሔራዊ ባንክ ደግሞ «ዶላሩ የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቀው አንቺን እንጂ ያንን ወዳጅ አይደለም።

ይልቅ መዝገብ ውስጥ የሌለ ባንክ ካለው ሙሉ ስሙን ጠይቂውና ውል ከመፈረማችሁ በፊት ለባንክሽ አሳዪ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ። ከሌለው ናሙናውን ለሳዑዲ ወይም ለጀርመን ገዢዎች ላኩ። የሰውዬውን ስልክ ግን እንዳትሰርዢው፣ በ2016 እኮ በሩ ተከፍቶ ነበር።